የላስታ ክረምትና የላሊበላ እንግዳ

ላሊበላን ሊያይ የሚሻ መንገደኛ በታኅሣሥ መጨረሻ ለልደት፣ አለዚያም በጥር ለጥምቀት ይሂድ፤ ከሰኔ ወዲያ ግን ጭቃውና ጉሙ፣ ዝናቡና ብርዱ ስለማያስኬዱት እስከ መስቀል ይታገሥ የሚለው ምክር በአስጎብኚውም፣ በባለ ሆቴሉም፣ በራሱ በከተማው ነዋሪም ዘንድ ያለ ተቃዋሚ ሲነገር ብዙ ዘመን ኖሯል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የአማራ ክልል የባህልና የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ከየአካባቢው አስተዳደር ጋር ሆኖ የላስታን አሸንድዬ፣ የዋግን ሻደይና የራያ ቆቦን ሶለል እንግዳ የሚጠራባቸው በዓላት አድርጎ ማስተዋወቅ ስለ ጀመረ፣ ያ የቆየ ምክር እንደ ቀድሞው የጸና አይደለም። ጅምሩ በጦርነትና በመንገድ መዘጋት ደጋግሞ ቢሰናከልም፣ ሐሳቡ ራሱ ግን የአንዲት ትንሽ የተራራ ከተማ ኑሮ በምን ላይ ሊመሠረት ይችላል የሚለውን ትልቅ ጥያቄ የያዘ በመሆኑ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል። በእኔ አስተያየት ጅምሩ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ክረምቱ የእንግዳ ወቅት ሊሆን የሚችለው፣ ቤተ ክርስቲያንና ገበሬው ለራሳቸው ሲሉ ለዘመናት ሲፈጽሙት የኖሩት የክረምት ሥርዓት እንዳለ ተጠብቆ፣ እንግዳው ወደዚያ ሥርዓት በትሕትና እንዲገባ ሲደረግ ብቻ ነው።

የቀድሞው ምክር ያለ ምክንያት የተነገረ አይደለም። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ በሚደርሰው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከዓመቱ ዝናብ የሚበዛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ስለ ሆነም፣ በእነዚህ ሁለት ወራት በገጠሩ መንገድ መኪና በጭቃ ይያዛል፣ ወንዝ ይሞላል፣ ደመናው ዝቅ ሲል በረራ ይስተጓጎላል። ከዚህም በላይ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ይመጣ የነበረው ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሀገሩን ቁር ሸሽቶ ፀሐይ የሚፈልግ በመሆኑ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የጠራ ሰማይ ለእርሱ የተመቸ ነበር። እንዲህ ሆኖ የከተማዪቱ ገቢ በጥቂት ሳምንታት ላይ ተንጠለጠለ፤ በልደት ሰሞን ምእመናን ከየአውራጃው በእግርም በመኪናም ሲጎርፉ ማደሪያ ይጠፋል፣ ሜዳውም በድንኳን ይሞላል፤ ከጥምቀት በኋላ ሕዝቡ እያደር ይሳሳል፤ ክረምት ሲገባም የሆቴሉ አስተናጋጅ ወደ ቤተሰቡ ይሰናበታል፣ አስጎብኚው ሌላ ሥራ ይፈልጋል፣ ባለ በቅሎውም በቅሎውን ወደ ግጦሽ ይለቃል።

በጥቂት ሳምንታት ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚፈርስ ያለፉት ዓመታት በግልጥ አሳይተዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መንገዱን ሁሉ ዘጋ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጦርነቱ ከተማዪቱን ደረሰባትና እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ከረመች፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ የተነሣው ግጭት የመንገደኛውን ልብ አሸብሮታል። የውጭው ጎብኚ በጠፋበት በዚህ ዘመን ለከተማዪቱ የቀራት እንግዳ ማን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ የሀገሩ ተወላጅ ነው፤ ይኸውም ተሳላሚው፣ መምህሩ፣ ተማሪው፣ በአዲስ አበባ የሚኖረው የላስታ ልጅ፣ እንዲሁም በዋሽንግተን ወይም በለንደን ልጆች ወልዶ የሚያሳድገውና እነዚያ ልጆች የአባቶቻቸውን ሀገር በዓይናቸው እንዲያዩ የሚመኘው ኢትዮጵያዊ ነው። የዚህ እንግዳ የዕረፍት ጊዜ ደግሞ ክረምት ነው። የሀገር ቤቱ ተማሪ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ያርፋል፤ በውጭ የሚማረው ልጅም ሙሉ ዕረፍት የሚያገኘው በእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ልደት በሚከበርበት ሰሞን ግን የፈረንጆቹ በዓል አልፎ ትምህርት ቤቱ ተከፍቷልና ወላጁ ቢወድም ልጁን ይዞ መምጣት አይችልም። የጉብኝቱ ወራት የተቆረጠው በቀድሞው ጎብኚ ልክ ነበር፤ አዲሱ እንግዳ ሌላ ሰው ስለ ሆነ የእርሱም ጊዜ ሌላ ነው።

ለመሆኑ በክረምት ወደ ላሊበላ የሄደ ሰው ምን ያያል? ምንስ ይሠራል? እንደ እኔ ከሆነ ጥያቄው የሚመለሰው አዲስ ነገር በመፍጠር አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዘመን አቈጣጠር አስቀድሞ መልሶታልና። ቅዱስ ላሊበላ ያረፈበት መታሰቢያ ሰኔ 12 ቀን፣ በክረምቱ ደጃፍ ይውላል፤ የልደቱ በዓል ዓለም የሚያውቀው ሲሆን የዕረፍቱን ግን ከምእመናኑ በቀር የሚያስበው ጥቂት ነው። ከሰኔ 26 ጀምሮ እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ በቅዱስ ያሬድ ድጓ ዘመነ ክረምት ተብሎ የተለየ ዜማና ምንባብ የተመደበለት ነው፤ ስለ ደመናውና ስለ መብረቁ፣ ስለ ዘሩና ስለ ቡቃያው፣ ፍጥረትን ሁሉ በጊዜው ስለሚመግበው አምላክ የሚዘመርበት ወቅት በመሆኑ፣ ማኅሌቱን ቆሞ የሚሰማ ሰው ከቤተ መቅደሱ ሲወጣ ያንኑ የተዘመረለትን ዝናብና ያንኑ ቡቃያ በዓይኑ ያየዋል። እንዲህ ያለ የዜማና የሥነ ፍጥረት ስምምነት በበጋ አይገኝም።

ነሐሴ 1 ቀን ጾመ ፍልሰታ ይገባል። ከሌሎቹ አጽዋማት ይልቅ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት፣ በየዕለቱ ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ የሚሰማበት፣ ሌሊቱ በሰዓታት፣ ቀትሩ በቅዳሴ የሚታለፍበት ጾም ነው። በውጭ ሀገር ያደገ ልጅ ነጭ ነጠላ ለብሶ በቤተ ማርያም ቅጽር ከእኩዮቹ ጋር ቆሞ ሲያስቀድስ፣ ቋንቋውን ሁሉ ባያስተውል እንኳ፣ አስጎብኚ በአንድ ሰዓት ንግግር ሊያስተምረው የማይችለውን ነገር ይማራል ብዬ አምናለሁ። ነሐሴ 13 ደግሞ ደብረ ታቦር፣ ቡሄ ነው፤ ጅራፉ ይጮኻል፣ ሙልሙሉ ይጋገራል፣ ማታም ችቦው ይበራል። ከዚያ ሦስት ቀን ቆይቶ ጾሙ ሲፈታ፣ የልጃገረዶቹ ተራ ይሆናል።

አሸንድዬ ነሐሴ 16 ቀን የእመቤታችን ዕርገት ከሚከበርበት ዕለት ጀምሮ ለጥቂት ቀናት የሚዘልቅ የልጃገረዶች በዓል ነው። ሥሩ የት እንደ ሆነ ሽማግሌዎችና ሊቃውንት በተለያየ መንገድ ያስረዳሉ፤ አንዳንዱ ከእመቤታችን ትንሣኤና ዕርገት ደስታ ጋር፣ አንዳንዱ ርግብ ለኖኅ ካመጣችው ለምለም ቅጠል ጋር፣ ሌላው ደግሞ በመጽሐፈ መሳፍንት ከተጻፈው ከዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ጋር ያያይዘዋል። በዓሉን በቅርብ ላየው ሰው ግን ነገሩ የሚጀምረው ከዋዜማው፣ ከእናት ጉልበት ሥር ነው። ልጅቱን በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ እናት ወይም አክስት ጸጉሯን ቅቤ ቀብታ ሹርባ ትሠራታለች፤ ታላቅ እኅቷ ከጎረቤት የተዋሰችውን ድሪና አልቦ ታሰናዳለች፤ ታናናሾቹ ከወንዝ ዳርና ከመስክ ጠርዝ ያጨዱትን ረዥም ለምለም ሣር እቅፍ ሙሉ ይዘው ይገባሉ። ነገ ጠዋት ሣሩ በጥልፍ ቀሚስ ላይ ከወገብ ዙሪያ ይታሰራል፤ ልጅቱ ወገቧን ባዞረች ቁጥር ሣሩ እየተነሣ እየተኛ ከከበሮው ጋር አብሮ ይመታል። ቡድኑ አስቀድሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይሳለማል፣ ቀጥሎ ወደየቤቱ ይዘልቃል፤ የቤቱ ጌታና እመቤት ይሞገሳሉ፣ እነርሱም እንደ አቅማቸው ይሰጣሉ፣ ልጃገረዶቹም መርቀው ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳሉ። በዓመት ውስጥ ልጃገረድ ከውኃ መቅዳትና ከእንጨት መልቀም ነፃ ሆና ከእኩዮቿ ጋር እንደ ልቧ የምትውልባቸው ቀናት እነዚህ ናቸው፤ በዓሉ ከሁሉ አስቀድሞ የእርሷ ነው።

እንግዲህ ይህን በዓል እንግዳ እንዲያየው ማድረግ መልካም ሆኖ ሳለ፣ አደጋው ያለው በአደራረጉ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቶች አንድን በዓል ማስተዋወቅ ሲጀምሩ በተለመደው መንገድ መድረክ ይሠራሉ፣ የክብር እንግዳ ይጠራሉ፣ ድምፅ ማጉያ ይተክላሉ፤ ልጃገረዶቹ በአንድ ሜዳ ተሰብስበው፣ አንዳንድ ጊዜም የድርጅት ስም የታተመበት ከናቴራ በጥልፉ ቀሚስ ላይ ደርበው፣ ንግግሩ እስኪያልቅ በፀሐይና በዝናብ ይቆማሉ። እንዲህ ሲሆን ከደጅ ወደ ደጅ የሚያስኬደው እግር ይቆማል፤ ለቤቱ ባለቤት ተብሎ እዚያው የሚገጠመው ግጥም አስቀድሞ በተጠና መዝሙር ይተካል፤ ለልጃገረዶቹ በእጃቸው ይሰጥ የነበረውም ገንዘብ በድንኳን ኪራይና በአበል ያልቃል። በዓሉን ለማየት ከሩቅ የመጣው እንግዳም በአዲስ አበባ አዳራሽ ሊያየው ይችል የነበረውን ትርኢት አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ የከተማዪቱ ሹማምንት መድረኩን ትተው፣ እንግዳውን ለሁለትና ለሦስት ቀን በየሰፈሩ ቢያሳድሩት፣ ልጃገረዶቹም በልማዳቸው መጥተው በእንግዳው ፊት ቢጨፍሩና በረከታቸውን ቢቀበሉ፣ በዓሉም አይጎዳም፣ ገንዘቡም ወደሚገባው እጅ ይደርሳል። ፎቶግራፍ ማንሣት የሚሻ ሰውም አስቀድሞ ይጠይቅ፤ እነዚህ ልጆች የሰው ልጆች ናቸውና።

ከበዓሉ ቀጥሎ ክረምቱ ብቻ የሚያሳየው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ውኃ ነው። የላሊበላን አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት የፈለፈሉት ሊቃውንት ምን ያህል ስለ ውኃ ያስቡ እንደ ነበር በበጋ የሄደ ሰው ሊያስተውለው አይችልም። ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ምድብ የሚለየው የዮርዳኖስ ቦይ በታኅሣሥ ደረቅ ድንጋይ ነው፤ በነሐሴ ግን ከላይ ከተዳፋቱ የወረደው ጎርፍ ተሰብስቦ በውስጡ ሲያልፍ፣ ቦዩ ለስም ብቻ እንዳልተቀደደ ለተመልካቹ ይገለጥለታል። 12 ሜትር ያህል ወደ ታች በተቈረጠው በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያም ቆሞ ዝናቡ ሲወርድ የሚመለከት ሰው፣ በጣራው ላይ እርስ በርሳቸው ተደራርበው የተቀረጹት መስቀሎች ሲታጠቡ፣ ውኃውም በድንጋይ አሸንዳዎቹ በኩል ከግድግዳው ራቅ ብሎ ሲወረወር፣ ከዚያም በቅጽሩ ወለል ተዳፋት ተከትሎ ሲወጣ ያያል። ከ800 ዓመት በፊት የተሠራ ሥራ ዛሬም ተግባሩን ሲፈጽም በዓይን ማየት ለተማሪ ልጅ ከመጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ነው።

ነገር ግን ያው ውኃ የአብያተ ክርስቲያናቱ ጠላትም መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውኃ የሚመጥጥ በመሆኑ፣ በክረምት እየረሰረሰ በበጋ እየደረቀ ሲኖር ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ጥገና ተደርጎ ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትላልቅ መጠለያዎች ተሠርተው አምስቱን አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ ጋረዷቸው። ለጊዜው ተብለው የተተከሉት እነዚህ የብረት መጠለያዎች ክብደታቸውና በነፋስ ጊዜ የሚያሰሙት መናወጥ ካህናቱንና ሕዝቡን ስላሰጋ፣ በ2011 ዓ.ም. መባቻ ነዋሪዎች ሰልፍ ወጥተው አቤቱታቸውን አሰምተዋል፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ከተማዪቱን በጎበኙ ጊዜም ሀገራቸው ለጥበቃው እንደምትረዳ ቃል ገብተዋል። ይህ ሁሉ ከእንግዳው ጋር ምን ያገናኘዋል ቢባል፣ በክረምት እንግዳ የሚጠራ ሰው ለድንጋዩ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማሰብ አለበት ለማለት ነው። በረጠበ ካልሲ የሚገባ እግር ምንጣፉን ያረጥባል፣ የብዙ ሰው ትንፋሽም በጠበበው መቅደስ ውስጥ እርጥበት ይጨምራል። በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው ቊጥር በክረምት ከበጋው ማነስ አለበት፤ በየበሩ እግር ማድረቂያ ጨርቅና ጫማ ከዝናብ የሚያስጠልል ትንሽ ዳስ ቢዘጋጅ፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ጥፋት ይከለክላል።

ከከተማው ውጭ በእግርና በበቅሎ ስለሚደረገው ጉዞ ጥቂት ልበል። በላስታ ደጋ ክረምት ማለዳው ብዙ ጊዜ ገላጣ ሆኖ ዝናቡ ከቀትር በኋላ የሚከብድ ስለ ሆነ፣ መንገደኛ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ከቀትር በፊት መመለስ ይኖርበታል። ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው አቀበት ሲረጥብ ያንሸራትታልና ያለ ምርኵዝና ያለ አካባቢው ሰው መውጣት አይገባም፤ የወጣ ሰው ግን ደመናው ከበታቹ ተነጥፎ ያየዋል። ንጉሡ ነአኵቶ ለአብ ባሠራው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ከጣራው አለት የሚንጠበጠበው ውኃ በጥንታውያን የድንጋይ ገበታዎች ተጠራቅሞ ለምእመናን ጠበል ይሆናል። ከላሊበላ አስቀድሞ በነገሠው በይምርሐነ ክርስቶስ ስም የሚጠራው፣ እንጨትና ልስን ድንጋይ እየተፈራረቀ በሰፊ ዋሻ ውስጥ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዝናብ ስለማይደርስበት ለክረምት እንግዳ የተመቸ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ስለ ሆነ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። አቡነ ዮሴፍን፣ ጭላዳውንና ጅብራውን፣ ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮውን ማየት የሚሻ ግን ቢቻል እስከ መስከረም አጋማሽ ይቆይ፤ በነሐሴ ጉም እዚያ ከፍታ ላይ መንገድ መሳት ቀልድ አይደለም።

በዚህ ጉዞ ላይ እንግዳው የሚያገኘው ገበሬ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው እንዳልሆነ ማወቅ ያሻል። ነሐሴ አረም የሚታረምበት፣ ቤተሰብ ሁሉ ከማሳው የማይጠፋበት ጊዜ ነው፤ እረኛውም ገሳውን ደፍቶ ከከብቱ ኋላ ይውላል። በዚያው ላይ የአምናው እህል ከጎተራ የሚያልቅበት፣ አዲሱም ገና ያልደረሰበት፣ ለድኻው ገበሬ ከዓመቱ ሁሉ የከበደው ወቅት ነው፤ መስከረም ሲጠባም ለልጆች ደብተርና ልብስ ያስፈልጋል። የክረምቱን እንግዳ ጉዳይ ከሆቴሎች ትርፍ በላይ የሚያደርገውም ይህ ነው። በጥር የሚገኝ ብር ጎተራው ሞልቶ ሳለ የሚገባ ነው፤ በነሐሴ የሚገኝ ብር ግን እህል ይገዛል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመቄትና በላስታ ገበሬዎች በማኅበር ያቋቋሟቸው የእንግዳ ጎጆዎች፣ ከመንገደኛው ክፍያ ከፊሉ ለማኅበሩ እንዲገባ በማድረግ፣ ትርፉ በመንደሩ ሊቀር እንደሚችል አሳይተዋል። እነዚያ ጎጆዎች በከባዱ ክረምት ያርፋሉ፤ ይሁን እንጂ ሥርዓታቸው በከተማዪቱ አጠገብ ባሉት መንደሮች፣ ለአሸንድዬ ሳምንት ብቻ እንኳ፣ ቢሠራበት እንግዳው በገበሬው ቤት የጾሙን ሽሮና የሱፍ ፍትፍት፣ ከጾሙም በኋላ የነሐሴን እሸት በቆሎ እየበላ ያድር ነበር፤ ለማስተናገድ የሚውለው ጉልበትም ከአረሙ እንዳይሻማ ተራው በማኅበር ሊወሰን ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሰላም ሲኖር ነው። መንገዱ በተዘጋበትና በተፈራበት ክረምት ስለ እንግዳ አቀባበል የሚጻፍ ዕቅድ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ በከተማዪቱ ላይ ሥልጣን ያላቸውም ሆኑ መሣሪያ የያዙ ሁሉ ቢያንስ ከፍልሰታ መባቻ እስከ አሸንድዬ ፍጻሜ ያለውን ጊዜ ለተሳላሚውና ለልጃገረዶቹ የተከበረ አድርገው ሊጠብቁት ይገባል። አንተም አንባቢ፣ በሀገር ውስጥ ብትሆን በባዕድ ሀገር፣ ልጆችህን ይዘህ በነሐሴ ወደ ላስታ ለመውጣት ካሰብህ፣ የመንገዱን ደኅንነት በዚያው ከሚኖሩ ሰዎች አስቀድመህ አጣራ፤ ጋቢና ዣንጥላ፣ የማያንሸራትት ጫማና ለውጥ ካልሲ ያዝ፤ አምስት ስድስት ቀን መድበህ ከጾሙ መጨረሻ በፊት ድረስ፤ ልጃገረዶቹም ወደ ደጅህ ሲመጡ ዘፈናቸውን እስከ መጨረሻው ስማና የምትሰጠውን በገዛ እጃቸው ስጣቸው።